የግላኮማ ኦፕሬሽን "የቱ ነው የሚሻለው?" ለምትሉኝ

ባለፈው ገና ቤተሰብ ተሰብስቦ ስልኩ ስፒከር ላይ ተደርጎ የሆነ ጭቅጭቅ ነበር። አጎቴ ከቨርጂኒያ ነው የደወለው፣ አክስቴ ደሞ (ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት) ሶፋው ላይ ዓይኗን በፕላስቲክ ሸፍና ተቀምጣለች። ሁለቱም ግላኮማ አለባቸው፣ ወንድምና እህት ስለሆኑ አይገርምም፣ ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል። እሱ አምና ሞራውን ሲያስወጣ በዛው አይስተንት የምትባል ከሩዝ ፍሬ በጣም የምታንስ ነገር አስገብተውለት በማግስቱ ቲቪ እያየ ነበር። እሷ ደሞ አዲስ አበባ ትራቤኩሌክቶሚ ተሠርታ፣ ስንት ሳምንት ሙሉ ተመላልሳ፣ ስፌቷ በሌዘር ተቆርጦ፣ መርፌ ተወግታ፣ ዓይኗ እንደቀላ ነው የከረመችው። አጎቴ ታድያ ምን ይላል፣ "እዚህ እኮ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ በዚህ ዘመን እንዴት ዓይን ይቀደዳል?" እቴቴም ይሄን ስትሰማ "አይ እንግዲህ፣ እኔንማ መማሪያ አድርገውኝ ነው" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

በዛ ቀን ላስረዳ ሞክሬ አልቻልኩም፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚያወራው። ስለዚ ረጋ ብዬ ልጻፈው። እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ ቀዶ ጥገና አልሠራም፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ግፊት ስለካ ነው የምውለው፣ እና "የቱ ኦፕሬሽን ይሻላል" የሚለውን ጥያቄ የማልሰማበት ቀን የለም። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ለሁለቱም የሚገባቸው ነው የተሠራላቸው። ቢቀያየሩ ኖሮ እቴቴ ትታወር ነበር፣ አጎቴ ደሞ ያለ ምክንያት ይሰቃይ ነበር።

ዓይናችን ውስጥ ከፊት በኩል ንጹህ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ አለ (እንባ አይደለም፣ እንባ ከውጭ ነው)። ከብሌኑ ኋላ ያለች ትንሽ አካል ቀንም ሌትም ታመርተዋለች፣ በደቂቃ 2 ማይክሮሊትር ገደማ። ከዛ ጥቁሩና ነጩ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ባለ ወንፊት መሰል ነገር ያልፍና ወደ ደም ስር ይገባል። አሁን ቧንቧው ተከፍቶ የእቃ ማጠቢያው ማስወጫ በቅባት ሲዘጋ አስቡት። ማጠቢያ ቢሆን ሞልቶ ይፈስና ወለሉን ያጥለቀልቃል፣ ዓይን ግን ድፍን ነው፣ የሚፈስበት የለም፣ ስለዚ ግፊቱ ይጨምራል፣ የሚጎዳው ደሞ ከኋላ ያለው ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ነው። መፍትሄውም ያው የቧንቧ ሠራተኛ የሚነግራችሁ ነው፦ ወይ የተዘጋውን ማስወጫ ትከፍታለህ፣ ወይ አዲስ ማስወጫ ትሠራለህ፣ ወይ ከላይ ቧንቧውን ትቀንሳለህ። ስሙ ቢበዛ፣ ማሽኑ ቢራቀቅ፣ የግላኮማ ኦፕሬሽን ከሞላ ጎደል ከነዚህ ሦስት አይወጣም።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ግማሹ ጠብ ከዚህ ነው የሚመጣው። የሞራ ኦፕሬሽን ብርሃን ይመልሳል፣ የግላኮማ ኦፕሬሽን አይመልስም። የሞተ ነርቭ ሞቷል። የሚሠራው የቀረችውን ለማትረፍ ነው። ጎረቤት ሞራ ተሠርቶ በማግስቱ መርፌ ክር ማስገባት ሲጀምር ያየ ሰው ግላኮማ ተሠርቶ ጭራሽ ለሳምንታት ብዥ ሲልበት "ዓይኔን አጠፉት" ቢል አልፈርድበትም፣ ግን ይሄ ከኦፕሬሽኑ በፊት ቁጭ ተብሎ መነገር አለበት፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ይሁን በምን እንጃ ሳይነገር ይታለፋል።

እሺ፣ ትራቤኩሌክቶሚ። ሐኪሞቹ ራሳቸው "ትራብ" ነው የሚሉት፣ እኔም እንደዛ ልበል። ኬርንስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1968 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካስተዋወቀው ጀምሮ ብዙ አልተቀየረም። ከላይኛው ቆብ ስር ባለው የዓይን ነጭ ላይ ግማሽ ውፍረቱን ይዞ እንደ ትንሽ በር የሚከፈት ክዳን ይቆረጣል፣ ከክዳኑ ስር ወደ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከዛ ክዳኑ ላላ ተደርጎ በቀጭን ክር ይሰፋል። ፈሳሹ በክዳኑ ጠርዝ እየሾለከ ከላይ ባለው ስስ ሽፋን ስር ይጠራቀምና ትንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር ይሆናል፣ ቆዳ ሲቃጠል እንደሚቋጥረው ማለት ነው። "ብሌብ" ይባላል። ቆብ ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም።

የትራብ ጣጣው ሰውነታችን ቀዳዳ አለመውደዱ ነው። ቁስል ሲያገኝ ይደፍናል፣ ሥራው ነው። ሐኪሙ ግን ይሄ ቁስል እንዳይደፈን ነው የሚፈልገው። የአፍሪካ ዘር ያለን ሰዎች ላይ ደሞ ጠባሳው ይበረታል፣ ዕድሜያቸው ትንሽ የሆኑ ላይም እንደዚሁ። ለዚህ ነው ሚቶማይሲን ሲ የተባለው በመሠረቱ የካንሰር መድኃኒት በስፖንጅ ተነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ቦታው ላይ የሚቀመጠው፣ ጠባሳ የሚሠሩትን ሴሎች ያደክማል። እና ደሞ ለዚህ ነው እቴቴ በየሳምንቱ የተመላለሰችው። ስፌቱ መጀመሪያ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚሰፋው፣ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ፈሳሽ ከወጣ ዓይኑ እንደተነፈሰ ኳስ ይሆናል፣ ከዛ ሐኪሙ ግፊቱን እያየ አንዷን ክር ዛሬ፣ ሌላዋን በሳምንቱ በሌዘር ይቆርጣል፣ ሊደፈን ሲል ደሞ በመርፌ ይከፍታል። እቴቴ "ተበላሽቶባቸው ሊጠግኑ" የመሰላት ነገር የኦፕሬሽኑ ግማሽ ነው። አንድ አንጋፋ ሐኪም ሲያስተምሩ ትራብ ማለት ኦፕሬሽን ክፍል አንድ ሰዓት፣ ተመላላሽ ክፍል ሁለት ወር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ብሌቡ ደሞ የዕድሜ ልክ እንግዳ ነው። ከውጩ ዓለም የሚለየው በጣም ስስ ሽፋን ስለሆነ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጀርም ሊገባበት ይችላል። ብሌብ ያለው ሰው ዓይኑ ድንገት ከቀላ፣ ካመመው፣ ዓይናር ካወጣ "ነገ አየዋለሁ" የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ነው። ጸበል ዓይን ውስጥ መረጨት፣ ኩል መኳል፣ በወንዝ ውሃ ፊት መታጠብ ላይ ሐኪሞች የሚቆጡት ለዚህ ነው እንጂ እምነት ለመንካት አይደለም፣ መጠመቅ የሚፈልግ ዓይኑን ጨፍኖ ሸፍኖ መጠመቅ ይቻላል ወይ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስግደትም ከባድ ዕቃ ማንሳትም አይቻልም፣ ጎንበስ ሲባልና ሲታመጥ ዓይን ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። እቴቴ ጾም ላይ ስለነበረች ይሄኛው ነበር ከሁሉ የከበዳት።

ሁለተኛው አዲስ ማስወጫ ቱቦ ነው። ሞልቴኖ የሚባል ሐኪም በ1969 የጀመረው ሀሳብ ነው፦ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ አንዱ ጫፉ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሌላኛው ጫፍ ከዓይን ነጩ ላይ ወደ ኋላ ከተሰፋች ጠፍጣፋ ሳህን ጋ ይያያዛል፣ ፈሳሹ ሳህኗ ዙሪያ ይጠራቀምና ቀስ ብሎ ይመጠጣል። ድሮ ቱቦ የሚሠራው ትራብ ሁለት ሦስቴ ለከሸፈበት ሰው ነበር፣ የመጨረሻ ተስፋ ዓይነት። ይሄን ያናጋው ቲቪቲ የተባለው ቱቦና ትራብን ፊት ለፊት ያጋጠመ ጥናት ነው። 212 ዓይኖች፣ ሁሉም ከዚህ በፊት ሞራ ወይም ትራብ የተሠሩ። የአምስት ዓመቱ ውጤት በ2012 ሲወጣ ቱቦው የከሸፈው ወደ 30 ፐርሰንቱ ላይ ነው፣ ትራቡ ግን ወደ 47 ፐርሰንቱ። ከዛ በኋላ ብዙ ሐኪም ወደ ቱቦ ዞረ፣ "ትራብ ሞቷል" ያለም አለ።

ችኮላ ነበር። ጥናቱ ቀድሞ የተነካ ዓይን ላይ ነዋ! ያልተነካ ዓይን ላይስ? ብለው እነዚያው ሰዎች ሁለተኛ ጥናት ሠሩ፣ 242 ዓይኖች፣ አንዱም ከዚህ በፊት ተቀዶ የማያውቅ። በአንደኛው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ፣ ትራብ 8 ፐርሰንት ገደማ ሲከሽፍ ቱቦ 17 ከሸፈ። በአምስተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠቦ 35 ለ 42 ሆነ፣ ይሄ ደሞ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ትራብ የተሠሩት ግን በመጀመሪያው ዓመት ግፊታቸውም ዝቅ ያለ ነበር፣ የሚጠቀሙት ግፊት መቀነሻ ጠብታም ከግማሽ በታች። ለኛ አገር ሰው ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ጠብታ በየወሩ መግዛት ማለት ነው፣ ሲጠፋ ደሞ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር። ቱቦ ተሠርቶ ሁለት ጠብታ የሚቀጥል ሰውና ትራብ ተሠርቶ ምንም የማይጨምር ሰው በቻርቱ ላይ እኩል "የተሳካ" ሊባሉ ይችላሉ፣ በኪስ ግን እኩል አይደሉም።

ቱቦም ራሱ አንድ አይደለም። አህመድ ቫልቭ (ስሙ የፈጣሪው ስም ነው፣ ከ1993 ጀምሮ ያለ) በሩን ራሱ የሚቆጣጠር ቫልቭ ስላለው ከቀን አንድ ጀምሮ ይሠራል፣ ዓይኑም ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ አይተነፍስም። ባርቬልት ቫልቭ የለውም፣ ሳህኑ ሰፋ ያለ ነው፣ ስለዚ ቱቦው በሚሟሟ ክር ታስሮ ለጥቂት ሳምንት ይዘጋል፣ ክሩ ሲሟሟ በራሱ ይከፈታል፣ እስከዛ በጠብታ መታገል ነው። በረጅሙ ግን ባርቬልት ግፊትን ይበልጥ ያወርዳል፣ የሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ በአምስት ዓመት የባርቬልት ግፊት 13፣ የአህመድ ደሞ 16 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው (የዓይን ግፊት የሚለካው በዚህ ነው)፣ ዋጋው ደሞ አንዳንድ ዓይን ከልክ በላይ መተንፈሱ ነው። ከሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ህንድ ማዱራይ ያለው ኦሮላብ ባርቬልትን የምትመስል በጣም ርካሽ ቱቦ ማምረቱ ነው፣ እንደኛ ላለ አገር ቱቦን ከቅንጦት ያወጣው እሱ ነው። የቱቦ ችግሮቹ ከትራብ ይለያሉ፦ ጫፉ ከፊት ካለው ብርጭቆ መሰል ሽፋን ከተጠጋ ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፣ የሸፈነው ሥጋ ሊበላና ቱቦው ሊገለጥ ይችላል፣ አንዳንዱ ደሞ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል።

አሁን ወደ አጎቴ። የሱ ዓይነቱ በጅምላ "ሚግስ" ይባላል፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠሩ ኦፕሬሽኖች። አይስተንት አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትረዝም የቲታኒየም ቧንቧ ናት፣ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ፈቃድ ሰጪ) በ2012 ፈቀዳት። ልብ በሉ፣ ፈቃዱ ራሱ ከሞራ ኦፕሬሽን ጋር፣ ቀላልና መካከለኛ ግላኮማ ላለው ሰው ነው የሚለው። ሃይድረስም አለ፣ እሱ ረዘም ይላል፣ በ2018 ነው የተፈቀደው። እነዚህ የተዘጋውን የራሱን ማስወጫ ነው የሚከፍቱት፣ አዲስ አይሠሩም። ጥሩነታቸው ብሌብ የለም፣ ጣጣ የለም፣ ሰው በማግስቱ ሥራ ይገባል። ድክመታቸው ደሞ ማስወጫው የሚያደርሰው ወደ ደም ስር ስለሆነና ደም ስሩ የራሱ ግፊት ስላለው (8፣ 9፣ 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ) ከተወሰነ ወለል በታች አይወርዱም፣ አብዛኛው ሰው 15፣ 16፣ 17 ላይ ይቆማል። አጎቴ በአንድ ጠብታ 19 ነበር፣ አሁን ያለ ጠብታ 16 ነው፣ ነርቩ ብዙም አልተጎዳም፣ ይበቃዋል።

እቴቴ በሦስት ጠብታ 34 ነበረች። የማየት ስፋቷ ደሞ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ ሆኗል። እንደዚህ ለተጎዳ ነርቭ 16 አይበቃም፣ 12 አካባቢ ነው የሚፈለገው። ይሄን ቁጥር ከየት አመጣችሁ ካላችሁ፣ አጂስ የሚባል የአሜሪካ ጥናት በ2000 ያወጣው ውጤት አለ፣ በየቀጠሮው ሁሉ ግፊታቸው ከ18 በታች የነበሩት ሰዎች አማካያቸው 12 ገደማ ነበር፣ እነሱ በአማካይ የማየት ስፋታቸው ለዓመታት አልጠበበም። እና 12ን ከትራብ በተሻለ የሚሰጥ ነገር እስካሁን አላየሁም። እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ገና ሲመረመሩ በሽታው የገፋባቸው 453 ሰዎች ግማሾቹ በቀጥታ ትራብ፣ ግማሾቹ በጠብታ ተጀምሮላቸው ነበር፣ በሁለት ዓመት ትራቦቹ 12.4፣ ጠብታዎቹ 15.1 ሆኑ። ያውም ጠብታው በነጻ ወይ በርካሽ በማይቋረጥበት አገር።

አዲስ ነገር ሁሉ የተሻለ ነው ለሚል ሰው ሳይፓስን አስታውሰዋለሁ። ይሄም የሚግስ ዘመድ ነበር፣ ኤፍዲኤ በ2016 ፈቀደው፣ የሁለት ዓመት ውጤቱ ያማረ። በ2018 የአምስት ዓመቱ ሲወጣ የዓይንን የፊት ሽፋን ጥርት አድርገው የሚጠብቁትን ሴሎች እየጨረሰ መሆኑ ታየና አምራቹ አልኮን ራሱ በነሐሴ ከገበያ ሰበሰበው። አንዴ ከሞቱ የማይተኩ ሴሎች ናቸው። ትራብ ከነጣጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ታይቷል፣ ክፋቱንም እናውቀዋለን።

ይሄን ስል ሚግስን እያጣጣልኩ አይደለም። እንደውም አንዱ ለኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው፦ ጋት ይሉታል፣ በተለመደ የስፌት ክር ይሠራል፣ ክሩ በዓይን ጠርዝ ያለውን ቦይ ዙሪያውን ተሽከርክሮ ይወጣና ሲሳብ የተዘጋውን ግድግዳ ከውስጥ ይተረትረዋል። ውድ ቧንቧ የለም፣ ብሌብ የለም። ለጥቂት ቀናት ዓይን ውስጥ ደም ይታያል፣ ያስደነግጣል ግን ይጠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚታየው ሲውዶኤክስፎሊየሽን ማለትም ፎረፎር መሰል ነገር ዓይን ውስጥ እየተራገፈ ወንፊቱን የሚደፍንበት ዓይነት ላይ ደሞ ጥሩ ይሠራል። የሚያስፈልገው የሰለጠነ እጅና ጠርዙን ከውስጥ የሚያሳይ መስታወት ነው።

ቧንቧውን መቀነስ የተባለው ሦስተኛው መንገድ በሌዘር ነው፣ ፈሳሽ የምታመርተዋን አካል ከውጭ በኩል በሙቀት ማዳከም። ዓይን አይከፈትም፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ እንደ ትራብ በየሳምንቱ መመላለስም የለም። ችግሩ መጠኑን መቁረጥ አይቻልም፣ ሲያንስ ይደገማል፣ ሲበዛ ዓይኑ ሊሰልል ይችላል፣ ስለዚ ብዙ ጊዜ ማየት ያቆመና የሚያም ዓይን ላይ ነው የሚሠራው፣ አሁን አሁን ቀለል ያለው ዓይነት ከዛ ቀደም ብሎም እየተሞከረ ነው።

ኦፕሬሽን ባይሆንም ኤስኤልቲ የተባለውን ሌዘር ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። ወንፊቱን ሳይበሳ የሚያነቃቃ ሌዘር ነው። ሞሺ ታንዛኒያ ውስጥ ከቲሞሎል ጠብታ ጋር ተወዳድሮ በ2021 በወጣው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘሩ 61 ፐርሰንት ዓይኖች ላይ ሲሳካ ጠብታው 31 ላይ ብቻ ነው የተሳካው። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው ይሄ፣ የኛን የመሰለ ሕዝብ፣ የኛን የመሰለ መንገድና ኪስ። በኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም አካባቢ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ 5.2 ፐርሰንቱ በግላኮማ ነው የታወሩት፣ አብዛኛው ሰው ደሞ እንደ እቴቴ አንዱ ዓይን ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀድሞ ቢመጣ ትራብም ቱቦም ላያስፈልገው የሚችል ሰው ብዙ ነው።

እና አጎቴን በኋላ ለብቻው ደውዬ "ጋሼ፣ አንተ የተሠራኸው ለሷ ቢሠራላት 34ቱ ምናልባት 20 ይሆን ነበር፣ በ20 ደሞ ትታወራለች" አልኩት። ዝም አለ፣ ቆይቶ "ታዲያ የሷ አሁን ስንት ነው?" አለኝ። 11 ነው አልኩት፣ ያለ ምንም ጠብታ። "እኔ 16 ነኝ እኮ" ብሎ ሳቀ፣ የተሸነፈ መሰለው።

ሌላኛው ዓይኗ ከፋሲካ በኋላ ተቀጥሮላታል፣ ያም ትራብ ነው። ሐኪሟ ቱቦንም አንስተውላት ነበር፣ ዓይኑ ከዚህ በፊት ተነክቶ ስለማያውቅና ጠብታ ለመግዛትም ስለማትችል በትራብ ተስማሙ፣ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፣ ከደብረ ብርሃን እየተመላለሰች ሳይሆን አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ስድስት ሳምንት የምትከታተልበት ቤት እንዲኖራት። እኔ ጋ ትቀመጣለች። የራይዱን ሒሳብ አጎቴ በኔ ነው ብሏል፣ እቴቴ ደሞ ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ያድርጉልኝ፣ ስግደት በሌለበት ጊዜ ስሠራ ማንም አያዝንልኝም ብላ እየቀለደች ነው።